ከጅማ ላለመውጣት የተወሰነበት ሳምንት፦ የአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ጉዳይ

የጉዳዩ መነሻ

ሰኔ 22 ቀን 2012 ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። አገሪቱ በኮሮና ምክንያት በወጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ስለነበረች ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተዋል፤ የሕዝብ ማመላለሻም ግማሽ ሰው ብቻ ነበር የሚጭነው።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ሳምንት ጅማ ውስጥ የነበረ የአንድ የውጭ አገር ቤተሰብን ጉዳይ ይመዘግባል። የተመረጠው አደጋ ስለደረሰበት አይደለም፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። የተመረጠው ቤተሰቡ በሦስተኛው ቀን ለመሄድ ወስኖ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ ሻንጣ አስሮ ከጨረሰ በኋላ ስለቀረ ነው። ለመሄድ ያስወሰነው ምክንያትም ኋላ ሲመረመር የቁጥር ስህተት ሆኖ ተገኘ።

ቤተሰቡና ግቢው

አባትየው ከደቡብ እስያ የመጣ መምህር ሲሆን በኮንትራት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሚስቱ ኢንሱሊን የምትወስድ የስኳር ሕመምተኛ ናት። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላቸው። የተከራዩት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ በሰፈሩ የነበሩት የውጭ ሰዎች እነሱ ብቻ ነበሩ። አከራይዋ ስድሳ ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። አንድ አዛውንት ዘበኛም አሉ። የአከራይዋ የወንድም ልጅ በጅማ–አዲስ አበባ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። ይህ ሰው በጉዳዩ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ ውስጥ የነበረው ይህ ነው፦ 11 ኪሎ ሩዝ፣ 4 ኪሎ ምስር፣ 3 ሊትር ዘይት፣ ሊያልቅ የተቃረበ አንድ የቡታ ጋዝ ሲሊንደር፣ በጥሬ ገንዘብ 3,400 ብር፣ በግቢው ለሰባት ሰው የሚያገለግል 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ። መድኃኒቱን ግን ማንም አልቆጠረውም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

አባትየው አዲስ ነገር የሚሰማው ከሁለት ቦታ ነበር፤ የውጭ መምህራን ከሚጻጻፉበት የዋትስአፕ ቡድንና ከኤምባሲው ከሚላክ ኢሜይል። ሁለቱም ማክሰኞ ጠዋት አብረው ዝም አሉ። የቀረው በዲሽ የሚመጣ የውጭ ቴሌቪዥን ነበር። ቴሌቪዥኑ የሻሸመኔን ቃጠሎ ደጋግሞ እያሳየ ከሥር «ኢትዮጵያ» ብሎ ይጽፋል። ርቀቱን ለማያውቅ ተመልካች ሻሸመኔም ጅማም አንድ ቦታ ናቸው። የሚጮኸው ቴሌቪዥን እንጂ ጎረቤት ስላልነበረ የቤቱ ፍርሃት ከግቢው ፍርሃት በብዙ እጥፍ በለጠ።

ረቡዕ ዕለት የመጀመሪያው ስህተት ተፈጸመ። አከራይዋ ጠዋት «የማዕዘኑ ሱቅ እስከ አምስት ሰዓት ይከፍታል፤ የምትፈልገውን አሁን ግዛ» አሉት። አገር ውስጥ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ሰው የሰዓት አቆጣጠራችንን ያውቃል፤ የደነገጠ ሰው ግን የሚያስበው በልጅነቱ ሰዓት ነው። «አምስት» ሲባል ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት መሰለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲወጣ መንገዱ ባዶ፣ ሱቁ ዝግ፣ ባጃጅ የለም። ወደ መርካቶ አቅጣጫ በእግሩ ሲሄድ መገናኛው ላይ ሰዎች ተሰብስበው አየና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ሞከረ። ከኋላው የተከተሉት ዘበኛ እጁን ይዘው መለሱት። በእንዲህ ያለ ቀን ስልክ ከፍ አድርጎ መያዝ ከሁለቱም ወገን ጥያቄ ያመጣል። የሚቀረጸው ሰው ለማን እንደሚቀረጽ አያውቅም፤ የጸጥታ ኃይሉም ቀራጩ ማን እንደሆነ አያውቅም።

መድኃኒቱ ሳይቆጠር የተወሰነው ውሳኔ

ረቡዕ ማታ አንድ የሥራ ባልደረባ ከአዲስ አበባ ደውሎ «የውጭ ሰው ሁሉ እየወጣ ነው» አለ። ከየት እንደሰማው አልተጠየቀም። ሚስትየው ወዲያው ያነሳችው ኢንሱሊኑን ነው። በየወሩ የሚገዙት ከአዲስ አበባ ስለነበር መንገድ ከተዘጋ መድኃኒቱ ያልቃል ብላ ሰጋች። በዚያው ሌሊት ወሰኑ። ሐሙስ ጠዋት አባትየው አንድ የኪራይ መኪና ሹፌር በስልክ አግኝቶ በተለመደው ዋጋ ሦስት እጥፍ ተስማማ፤ 3,000 ብር ቀብድም ሰጠ። እጁ ላይ 400 ብር ቀረ።

ሻንጣውን ያዩት አከራይዋ «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ በሚገባበት ቀን አንተ ከቤት ልትወጣ ነው?» አሉት። ቀጥለውም መድኃኒቱን አምጡና እንየው አሉ። ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ የተቆጠረው ያኔ ነው።

ሚስትየው ጠዋት 24፣ ማታ 16፣ በድምሩ በቀን 40 ዩኒት ትወስዳለች። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለ ብልቃጡ 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ ማለትም ለ25 ቀን ይበቃል። የተከፈተው ብልቃጥ ከተጀመረ 13 ቀኑ ስለነበር የ12 ቀን ይቀረዋል። ፍሪጅ ውስጥ ያልተከፈተ ሌላ ብልቃጥ አለ። 12 እና 25 ሲደመር 37 ቀን ይሆናል። ቤተሰቡን 350 ኪሎ ሜትር ሊያስነዳ የነበረው እጥረት በእጃቸው ባለው መድኃኒት ላይ አልነበረም።

እውነተኛው እጥረት ያልታሰበ ቦታ ተገኘ። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ 18 ብቻ ቀርቷል። በቀን ሦስት ጊዜ ከለካች በስድስት ቀን ያልቃል። ሐኪሟ በስልክ ተገኝቶ ስትሪፕ እስኪገኝ ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከእራት በፊት ብቻ እንድትለካ፣ ከዚያ ውጭ የማላብና የመንቀጥቀጥ ምልክት ሲኖር ብቻ እንድትጨምር ነገራት። ስድስቱ ቀን ዘጠኝ ሆነ። ይህ ለእሷ የተሰጠ ምክር ነው፤ ሌላ ታማሚ ከራሱ ሐኪም ሳይጠይቅ ልኬት መቀነስ የለበትም።

የስልክ ሰንሰለቱ

መንገዱስ? የኪራይ ሹፌሩ «ችግር የለም» ብሎ ነበር። እሱ ግን ቀብድ ተቀብሏል። አከራይዋ የወንድማቸውን ልጅ አስጠሩ። ሚኒባሱን አቁሞ ቤቱ ተቀምጧል፤ ይህ ራሱ ግማሽ መልስ ነው። ኢንተርኔት ይቋረጥ እንጂ የድምፅ ጥሪ ይሠራ ነበር። ልጁ በመስመሩ ላይ የሚያውቃቸውን ስድስት ሰዎች በተራ ደወለላቸው፤ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ፣ ወልቂጤ፣ ወሊሶ፣ ሰበታ። ተራ አስከባሪ፣ ጎሚስታ፣ ምግብ ቤት ያላት ሴት፣ እንዲህ ያሉ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ክፍል ልብ የሚባለው አጠያየቁ ነው። ልጁ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ አልጠየቀም። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ «ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ»። የታመመም የተዘረፈም እንዲሁ ይላል። ልጁ የጠየቀው ይህን ነው፦ ዛሬ ጠዋት ከላይ፣ ከአዲስ አበባ በኩል፣ የመጣ መኪና በዓይንህ አይተሃል? ስንት ሰዓት ላይ? ሚኒባስ ነው አይሱዙ? ተሳፋሪዎቹ የት ነው ያደርነው አሉ? ወደ ላይ የሄደውስ ተመልሷል?

ከስድስቱ አራቱ ከላይ የመጣ መኪና አላየንም አሉ። ሁለቱ ደግሞ በግልጽ «አያልፍም» አሉ። በዚያ ላይ የሃጫሉ ቀብር በዚያው ዕለት አምቦ ላይ ነበር፤ የትኛውም ሹፌር መንገድ የሚመርጥበት ቀን አልነበረም። አከራይዋና ልጁ አንድ ነገር አጥብቀው አስረዱ። ከተማ ውስጥ የተቸገረ ሰው የሚጠለልበት ቤት አለው፤ ከሰኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ የቆመ መኪና ግን ማንም የለውም። ቋንቋ የማያውቅ፣ ሕፃን የያዘ፣ ኢንሱሊን በሻንጣው የያዘ ሰው እዚያ ቢያድር ጅማ ላይ የፈራው ሁሉ በእውን ይደርስበታል።

ሻንጣው ተፈታ። ለወደፊቱም አንድ መለኪያ ተቀመጠ፤ ሁለት ተከታታይ ጠዋት በሁለቱም አቅጣጫ የሕዝብ መኪና ማለፉን ቢያንስ አራቱ ሰዎች በዓይን አየን እስኪሉ ድረስ መንገድ የለም። አውሮፕላን ሌላው አማራጭ ነበር፤ ነገር ግን ቲኬት ይቆረጥ የነበረው በስልክ መተግበሪያ ስለነበር ያለ ኢንተርኔት የአየር መንገዱ ቢሮ እስኪከፈት መጠበቅ ግድ ሆነ።

ግቢ ውስጥ የዋሉባቸው ቀናት

ውሃ፦ የቧንቧው ውሃ በወረፋ ስለሚመጣ ሮቶው ዋና መተማመኛ ነው። ሰባት ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም 280 ሊትር ይሄዳል፤ ሮቶው አራት ቀን አይሞላም። ወደ 20 ሊትር ሲወርድ ሳምንት ደረሰ። ክረምት መሆኑ ትልቅ እድል ነበር። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜል በአንድ ዝናብ ይሞላል፤ ያ ለመጸዳጃና ለልብስ ሆነ፤ የሮቶው ለመጠጥና ለምግብ ተተወ። የመጀመሪያው ደቂቃዎች ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ በርሜል አይገባም፤ ይደፋል።

መድኃኒትና መብራት፦ መብራት ሲጠፋ በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። በሁለተኛው መጥፋት ዘበኛው በቅንነት ከጎረቤት የበረዶ ኮዳ አምጥተው ያልተከፈተውን ብልቃጥ በላዩ ሊያስቀምጡ ሲሉ ሚስትየዋ ደረሰች። ኢንሱሊንን ከሙቀት ይልቅ ቶሎ የሚያበላሸው በረዶ መሆን ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ይጣላል፤ ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ሥራው ግን አይታመንም። ያልተከፈተው ቦታው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ የተከፈተው ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። የጅማ ክረምት ቤት ውስጥ ከዚህ አይበልጥም። በሁለት ሸክላ መካከል እርጥብ አሸዋ ሞልቶ ማቀዝቀዝ የሚባለው ዘዴም ተሞከረ፤ ብዙ አልረዳም። ዘዴው የሚሠራው ደረቅ አየር ውሃውን ሲመጥ ነው፤ የጅማ የሐምሌ አየር ራሱ እርጥብ ነው።

ስትሪፕ፦ በስድስተኛው ቀን ሆስፒታል አካባቢ አንድ ፋርማሲ ተከፈተ። የእነሱን መለኪያ ስትሪፕ አልያዘም። ስትሪፕ ከመለኪያው ጋር ካልተዛመደ ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ አዲስ መለኪያ ከ50 ስትሪፕ ጋር ተገዛ። የመጀመሪያው ቀን በሁለቱ መለኪያ ተለክቶ አንዱ 142፣ አንዱ 158 አሳየ። ሚስትየዋ ደነገጠች። በሁለት መለኪያዎች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት የሚጠበቅ ነው። ትልቁ ነገር ሁለቱን አለማቀላቀል፣ በአንዱ ከጀመሩ በዚያው መቀጠል ነው።

ገንዘብ፦ ቅርንጫፍ ባንኮች ሲከፈቱም መልሱ «ሲስተም የለም» ነበር። 400 ብሩ በሦስት ቀን አለቀ። ሰፈሩን ያሻገረው ዱቤ ነው። ባለ ሱቁ የፊት በሩን ዘግቶ በጓሮ በር ለሚያውቀው ደንበኛ ይሸጥ ነበር፤ የአዲሱን መለኪያ ብርም ያበደረው እሱ ነው። ቤተሰቡ ዓመት ሙሉ ከሱፐርማርኬት ሳይሆን ከዚያ ሱቅ ስለገዛ ስሙ በዱቤ ደብተሩ ላይ ገባ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ አይገባም ነበር። የቡታ ጋዙ ሲያልቅ ከሰል ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰል የሚጠቀም ሰው ዝናብ ነው ብሎ ምድጃውን ቤት ውስጥ እንዳያስገባ በዚያው ቀን ተነግሯል፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ግን ይገድላል።

ስልክ፦ የሞባይል ካርድ ከሱቅ ጠፋ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን በአጭር መልእክት ሲልክ፣ እነሱ በ*805* ይሞሉታል። በ*806* ቀሪ ሂሳብ ማስተላለፍም ተችሏል። ውጭ ያለው ዘመድ ብዙ ስለነበር ለሁሉም መደወል ቀርቶ በየማታው ለአንድ ወንድም ብቻ አንድ አጭር መልእክት ተላከ፤ እሱ ለሌላው ያዳርሳል።

ሌሊት፦ የሰፈሩ ወጣቶችና ሽማግሌዎች በየመታጠፊያው እሳት አንድደው ያድሩ ነበር። አባትየው እኔም ልውጣ ሲል አከራይዋ ከለከሉት፤ የማይግባባ ሰው በጨለማ መቆሙ ለጠባቂዎቹ ሌላ ሥራ ነው። ይልቅ ግማሽ ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ተላከ። ለጅማ ሰው ቡና መላክ ወንዝ ላይ ውሃ እንደመድፋት ይመስላል፤ ግን የተቆጠረው ቡናው ሳይሆን ከየት ቤት እንደመጣ ነው። በማግስቱ ሌሊት አንድ ሰው ወደ በሩ ቀርቦ «እዚህ ቤት ማን ነው?» ሲል ከእሳቱ ዳር የመለሱት ጎረቤቶች ናቸው።

የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ከአከራይዋ የልጅ ልጆች ጋር ጭቃ ሲያቦካ ከረመ፤ የሰፈሩንም ወሬ በአፋን ኦሮሞ ከአባቱ ቀድሞ ይሰማ ነበር።

ያልሠራው

ቀብዱ ዋናው ጥፋት ነው። ሦስት ሺህ ብሩ ለጉዞ ተከፈለ፤ ጉዞው ሳይደረግ የቤቱን ጥሬ ገንዘብ ጨረሰ። መንገድ ከተከፈተ በኋላ በሽምግልና 2,000 ተመለሰ፤ 1,000 ሹፌሩ ነዳጅ ሞልቼበታለሁ ብሎ አስቀረው። ሽማግሌዎቹም ተቀበሉት።

የአሠሪው ተቋም የመልቀቂያ ዕቅድም አልሠራም፤ ዕቅዱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሚደወልላቸው ሰዎች ቁጥር፣ መሰብሰቢያው ቦታ፣ ሁሉም በኢሜይል ውስጥ ነበር። ኢሜይሉ ሰኔ 24 ቀን ተልኳል፤ ቤተሰቡ ያነበበው በሐምሌ ነው። ሲነበብ መሰብሰቢያው አዲስ አበባ ሆኖ ተገኘ። ጅማ ላለ ሰው ያ ዕቅድ የሚጀምረው ከአደገኛው መንገድ ማዶ ነው።

የመኖሪያ ፈቃዱም ነገር አለ። የሚያበቃበት ቀን የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አባትየው ከአከራይዋ የቀን መቁጠሪያ ጋር አቀላቅሎ ገና ሳምንት አለኝ ብሎ ነበር። ጁላይ 7 ሰኔ 30 ነው፤ ሐምሌ 7 ግን ጁላይ 14 ነው። መዘግየቱ በኋላ ቅጣት አስከፈለው።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ቶሎ ውጣ» ነው። ይህ ጉዳይ የሚያሳየው ከመውጣት በፊት መቁጠር እንደሚቀድም ነው፤ መድኃኒቱ የስንት ቀን ነው፣ ውሃው የስንት ቀን ነው፣ ብሩ የስንት ቀን ነው። ሦስቱ በወረቀት ላይ ሲጻፉ የትኛው እንደሚያልቅ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜም የተፈራው አይደለም። መውጣት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሰፈሩ ራሱ ሲለቅ፣ ወይም ቀድሞ የሚያልቀው ነገር በከተማው የማይገኝ ሲሆን። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም አልነበሩም።

ጥሬ ገንዘብ በሁለት ይከፈል፤ የቤት ወጪና የመንገድ። የመንገዱ ብር ለቤት ቢገባ ችግር የለውም፤ የቤቱ ለመንገድ ሲሄድ ግን ይህ የሆነው ይሆናል። ቀብድም መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ መንገዱ ተጣርቶ እንጂ በስልክ ስምምነት አይሰጥም።

ሰዓት ሲነገር ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። «አምስት ሰዓት፣ ከምሳ በፊት» ማለት ሁለት ቃል ይጨምራል፤ አንድ ሰው ከባዶ መንገድ ያድናል።

ኬላ ላይ የሚታየው የፓስፖርቱ ቅጂ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይረዝማል። ከሳምንቱ በኋላ አባትየው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚኖር የሚገልጽ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አስጽፎ ማኅተም አስመታበት፤ የጎረቤት ቀበሌም እንዲያውቀው ተደረገ። ያለ ማኅተም ቢሆን ኖሮ ተራ ወረቀት ነበር።

የስድስቱ የመንገድ ሰዎች ቁጥር፣ የሐኪሟ፣ የፋርማሲው፣ የባለ ሱቁና የወንድምየው ቁጥር በአንድ ገጽ ተጽፎ ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። መስከረም ላይ ሲሞከር ከስድስቱ የመንገድ ቁጥሮች ሁለቱ አይሠሩም ነበር፤ የወሊሶው ሲም ቀይሯል፣ የሰኮሩዋ ምግብ ቤቷን ዘግታ ሄዳለች። በየሦስት ወሩ መደወል የአከራይዋ የልጅ ልጅ ሥራ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ዙር አሥር ብር ይከፈለዋል።